የሕመምተኛ ምሥጢርና የሕዝብ ጤና

አባቶቻችን «ችግሩን ያልተናገረ ብልሃት፥ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው መክረውናል። ይህ ምክር እውነት መሆኑን የማይመሰክር የለም። ነገር ግን «ካፍ የወጣ አፋፍ» የሚል ሌላ ምሳሌም ትተውልናል። የመጀመሪያው ተናገር ይለናል፤ ሁለተኛው ተጠንቀቅ ይለናል። ሕመምተኛ ሰው በነዚህ በሁለቱ ምክሮች መካከል ቆሞ ይጨነቃል። ካልተናገረ አይድንም፤ ከተናገረ ደግሞ ነገሩ ወዴት እንደሚደርስ አያውቅም።

ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ለአባወራውም ለእመቤቲቱም፥ ለወጣቱም ለሽማግሌውም የሚጠቅም አንድ ጉዳይ ለማንሣት አስበናል። ሰው ለሐኪሙ የገለጠው ምሥጢር የማን ነው? የሕመምተኛው ብቻ ነውን? ወይስ ከርሱ ሕመም ትምህርት አግኝቶ ሌላውን ከሞት ለማዳን የሚደክመው የሕዝብ ጤና ጥናትም ከዚያ ድርሻ አለው?

ነገሩ ከሩቅ የመጣ እንዳይመስል በሰፈራችን ከሆነው እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤታችን፥ የሦስት ልጆች እናት፥ ሳል ጸንቶባት ሰነበተ። ሌሊት ላብ ያጠምቃት ነበር፤ ሰውነትዋም ከሳ። ከቤትዋ እስከ ጤና ጣቢያው የአምስት ደቂቃ መንገድ ነበረ፤ እርስዋ ግን ወደዚያ ለመሄድ አልወደደችም። ምክንያቱን ኋላ እንደ ነገረችን፥ በዚያ ቤት ካርድ የሚያወጣው ሰው የባለተራውን ስም ከነሕመሙ ጮኾ ይጠራ ነበርና፥ በተራ ጠባቂዎቹም መካከል የዕድሩ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይሰማ ነበርና ነው። ስለዚህ በሁለት ታክሲ ተሳፍራ ሩቅ ሰፈር ወዳለ ሐኪም ቤት ሄደች። በዚያም ስምዋንና ሰፈርዋን ለውጣ ተመዘገበች። ስትመረመርም ሕመምዋ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ።

የታዘዘላት መድኃኒት ለስድስት ወር ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነበር። እርስዋ ግን በሁለተኛው ወር ሻል ሲላት፥ የመንገዱም ወጪ ሲከብዳት አቋረጠችው። የሐኪም ቤቱ ሠራተኞች ሊፈልጓት ቢወጡ፥ በመዝገብ የተጻፈችው ሴት በተጻፈው ሰፈር አልነበረችም። ከልጆችዋም ታናሺቱ፥ ገና አራት ዓመት ያልሞላት፥ በጊዜ ሳትመረመር ቀርታ በዚያው ሕመም ተያዘች። ደግነቱ እናትም ልጅም ኋላ ታክመው ዳኑ።

አንባቢዎቻችን ይህን ነገር አስተውሉ። በዚያ ዓመት የነቀርሳ ሕመምተኞችን የቈጠረ ሰው ቢኖር፥ ያቺን ሴት በሌለችበት ሰፈር ቈጥሯታል፤ ባለችበት ሰፈር ግን አላገኛትም። ምሥጢር ባለመጠበቁ የተጎዳው የአንዲት ሴት ክብር ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡም ቍጥር ሐሰት ሆነ። ብዙዎች የሕመምተኛን ምሥጢር መጠበቅና የሕዝብን ጤና ማጥናት እንደ ሁለት ባላጋራዎች ያዩአቸዋል። የኛ አሳብ ግን ከዚህ ይለያል። ምሥጢር በማይጠበቅበት ቤት እውነት አይነገርም፤ እውነት በማይነገርበትም ቤት ጥናት ሁሉ ከንቱ ነው።

የሐኪም ምሥጢር ጠባቂነት ትናንት የተፈጠረ ሥርዓት አይደለም። በጥንቱ የግሪክ ሐኪም በሂፖክራጥስ ስም የሚጠራው መሐላ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው፤ በዚያም ሐኪሙ በሰው ቤት ያየውንና የሰማውን፥ ሊወራ የማይገባውን ሁሉ በልቡ እንዲይዝ ይምላል። በአገራችንም ለነፍስ አባት የተነገረ ኃጢአት ከዚያ እንዳይወጣ እንደሚጠበቅ ሁሉ፥ ለሐኪም የተነገረውም እንዲሁ ተጠብቆ እንዲቀር ሕዝቡ ይጠባበቃል።

ይሁን እንጂ ምሥጢር ሁሉ ተቈልፎ ቢቀር የሚደርሰውን ጉዳትም ማወቅ ይገባል። ከዚህ በታች የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓ ዘመን አቈጣጠር፥ የአገራችንን በኢትዮጵያ አቈጣጠር እናቀርባለን።

በ1854 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ፥ ሶሆ በሚባለው ሰፈር፥ ኮሌራ ገብቶ ከስድስት መቶ በላይ ሰዎች ፈጀ። በዚያን ጊዜ በሽታው በክፉ አየር የሚመጣ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን ከውሃ የሚመጣ መሆኑን ጠረጠረ። ስለዚህ ሞት ከሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት የሞቱትን ሰዎች ዝርዝር ከነመኖሪያቸው ተቀበለ። ከዚያም በየቤቱ እየዞረ ኀዘንተኛውን «ውሃ የምትቀዱት ከየት ነበር?» እያለ ጠየቀ። የሟቾቹም ቤት አብዛኛው ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ ላይ ባለው የውሃ መሳቢያ ዙሪያ ሆኖ ተገኘ። ከሰፈሩ ርቃ በሐምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ባልቴትም በዚያው በሽታ ሞታ ነበር። ልጅዋ ሲጠየቅ እናቱ የዚያን ውሃ ጣዕም ትወድ ስለ ነበር በየቀኑ ታስመጣ እንደ ነበረች ነገረው። መስከረም 8 ቀን የመሳቢያው እጀታ በሰፈሩ ሹማምንት ፈቃድ ተነቀለ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ሰፈር የነበረ ሄንሪ ኋይትሄድ የተባለ ቄስ በሚቀጥለው ዓመት የሞቱን መዝገብ እንደ ገና ሲመረምር፥ በመሳቢያው አጠገብ ባለ ቤት የሞተች የአምስት ወር ሕፃን አገኘ። እናትዋ የሕፃንዋን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ የደፋችበት ጕድጓድ ከመጠጡ ጕድጓድ ጋር ተጎራብቶ ነበር። እንግዲህ የሟቾች ዝርዝር ለአጥኚዎቹ ባይሰጥ፥ ባልቴቲቱም የሞተችበት ሰፈር ባይታወቅ፥ ኀዘንተኞቹም አፋቸውን ቢዘጉ ኖሮ ይህ እውነት በዚያን ጊዜ ባልተገኘም ነበር። ዛሬ እናቶች ውሃ አፍልተው ለልጆቻቸው የሚያጠጡት እንዲህ ካለው ድካም በተገኘ ዕውቀት ነው።

«እንግዲያውስ ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ ፈቃድ ተጠይቆ፥ እሺ ያለው ብቻ ይጠና» የሚል ይኖራል። አሳቡ መልካም ነው፤ በሚቻልበትም ቦታ ሁሉ ሊደረግ ይገባዋል። ነገር ግን ሁልጊዜ አይበቃም። በካናዳ አገር ስትሮክ በሚባለው የአንጎል ሕመም የተያዙትን ሰዎች ለመመዝገብ የተቋቋመ አንድ ጥናት እያንዳንዱን ሕመምተኛ ወይም ዘመዱን ፈቃድ እየጠየቀ ጀመረ። በ2004 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፥ በመጀመሪያው ጊዜ ከመቶው አርባ ያህሉ ብቻ ወደ መዝገቡ ገቡ። የገቡትና ያልገቡት ሲነጻጸሩም፥ ከገቡት ከመቶው ሰባት ያህሉ በሐኪም ቤት ሳሉ ሞተው ነበር፤ ካልገቡት ግን ከመቶው ሃያ ሁለት ያህሉ። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ በሞት ጣር ላይ ያለ ሰው ወረቀት አይፈርምም፤ የሚያለቅስ ዘመድም ጥያቄ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። በዚያ መዝገብ ብቻ የሚፈርድ ሰው በሽታው ቀላል ነው ብሎ ይሳሳታል። ጥናቱ ይበልጥ ሊረዳቸው የሚገባው ሰዎች ከመዝገቡ የሚጎድሉት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ በብዙ አገሮች የተመረጠው መንገድ ስምን ከሕመም መለየት ነው። ሕመሙ ለጥናት ይሰጣል፤ ስሙ ይፋቃል። በአሜሪካ በ1996 ዓ.ም. ከወጣው ሕግ የተከተለውና በ2003 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፥ ስምን፥ የስልክ ቍጥርን፥ ትክክለኛውን የልደት ቀን፥ መኖሪያንና ሌላውን ጨምሮ አሥራ ስምንት ዓይነት መለያዎችን ያስፍቃል። እነዚህ የተፋቁለት መዝገብ ያለ ሕመምተኛው ፈቃድ ለጥናት ሊውል ይችላል። ስሙ ያልተፋቀ መዝገብ ሲያስፈልግ ግን የሕመምተኛው ፈቃድ፥ ወይም ጉዳዩን የሚመረምር ጉባኤ ውሳኔ ያሻል።

ነገር ግን ስም መፋቁ ብቻውን እንዳያታልለን። በማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞችን የሕክምና መዝገብ ስማቸውን ፍቀው ለአጥኚዎች ሰጥተው ነበር። የግዛቱም አገረ ገዥ የማንም ምሥጢር እንደማይገለጥ ለሕዝቡ አረጋግጠው ነበር። ላታንያ ስዊኒ የተባለች ተማሪ ግን የካምብሪጅን ከተማ የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዛች። የልደት ቀንን፥ ወንድነትን ወይም ሴትነትን፥ የፖስታ ቀበሌን ከሁለቱ መዝገቦች ብታመሳክር የአገረ ገዥውን የራሳቸውን የሕክምና መዝገብ ለይታ አወጣች። ይህም የሆነው በ1990ዎቹ ዓመታት ነው። በኋላም እነዚህ ሦስት ነገሮች ብቻ ከመቶው ሰማንያ ሰባቱን የአሜሪካ ሰው ለይተው ሊያሳውቁ እንደሚችሉ ገመተች።

ይህን ወደ አገራችን መልሰን ብናየው ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። በአንዲት ትንሽ ቀበሌ «ዕድሜዋ አርባ አንድ፥ መምህርት፥ መንታ የወለደች፥ በዚህ በሽታ የታመመች» ብሎ የጻፈ ሰው ስምዋን ባይጽፍም ጽፎታል። በአገራችን ሰው የሚታወቀው በስሙ ብቻ አይደለም፤ በልጆቹ፥ በሥራው፥ በቤቱ አጥርም ይታወቃል። ስለዚህ አጥኚው የሚያስፈልገውን ብቻ ይጻፍ፤ ዕድሜን በዓመት መጻፍ ሳያስፈልግ ከአርባ እስከ ሃምሳ ማለት ከበቃ እርሱን ይጻፍ፤ ቀበሌ ሳያስፈልግ ወረዳ ከበቃ እርሱን ይጻፍ።

በአገራችንም ይህን ሚዛን ለመጠበቅ የተደከመበት ሥራ አለ። በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በከተማው የመቃብር ቦታዎች ቀብርን ማስመዝገብ ጀመሩ። ብዙው ሰው በቤቱ ይሞት ስለ ነበርና ሞቱም በየመሥሪያ ቤቱ ተሟልቶ የማይጻፍ ስለ ነበር፥ የሞትን ቍጥር ከሐኪም ቤት ብቻ ማግኘት አይቻልም ነበርና ነው። በየቤተ ክርስቲያኑና በየእስላም መቃብሩ ያለው መዝጋቢ የሟቹን ዕድሜና ሰፈር፥ ዘመዶቹ የሚናገሩትንም የሞት ምክንያት ይጽፍ ነበር። ከነዚህም ለጥቂቶቹ አጥኚዎቹ ወደ ቤተ ሰቡ ሄደው ሟቹ እንዴት እንደ ታመመ በዝርዝር ይጠይቁ ነበር።

ያ ዘመን ኤድስ ከተማውን ያስለቀሰበት ዘመን ነበር። ብዙ ቤተ ሰብ የበሽታውን ስም በመቃብር ላይ ለመጥራት አፍሮ «የሳንባ በሽታ ነው»፥ «ነቀርሳ ነው» ይል ነበር። ይህን የሚፈርድበት ሰው አይኑር፤ ልጆች ለማሳደግ፥ ቤት ለመከራየት፥ ከዕድር ጋር ለመኖር የሚያስብ ኀዘንተኛ ነው። አጥኚዎቹም ይህን ስላወቁ የተሸፈነውን ንግግር ከዝርዝሩ ጥያቄ ጋር እያመሳከሩ የእውነቱን ልክ ለማግኘት ደከሙ። በ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ በከተማው በኤድስ የሚሞተው ሰው ቍጥር እጅግ መቀነሱ የታወቀው በዚህ የመቃብር መዝገብ ነው። የሟቾቹ ስም በአደባባይ ሳይነሣ፥ የሞታቸው ቍጥር መድኃኒቱ የሚያድን መሆኑን መሰከረ።

ስለ ሕያዋንም ሌላ ምሳሌ አለ። ነፍሰ ጡር ሴቶች ለቂጥኝ ምርመራ ከሚሰጡት ደም የተረፈው፥ ስሙ ተፍቆ የኤች አይ ቪን ስርጭት ለማወቅ በአገራችንም በሌሎች ብዙ አገሮችም ይመረመር ነበር። በዚህ መንገድ የማንም ምሥጢር አልወጣም፤ የበሽታውም ልክ ታወቀ። ነገር ግን ከባድ ጥያቄ ነበረበት፤ በደምዋ ቫይረሱ የተገኘባት እናት ስምዋ ስለ ተፋቀ ሊነገራት አይችልም ነበር። እናቲቱንና በማሕፀንዋ ያለውን ልጅ የሚያድን መድኃኒት ከተገኘ በኋላ ብዙ አገሮች ይህን ትተው፥ እናቲቱ አውቃና ፈቅዳ ከምትመረመረው ምርመራ ቍጥሩን መውሰድን መረጡ። ይህም የምሥጢርና የጥናት ሚዛን አንድ ጊዜ ተመዝኖ የሚተው አለመሆኑን ያስረዳናል፤ ዕውቀት ሲጨምር ሚዛኑም እንደ ገና መታየት አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን ሰውን መጠየቅ የክብር ምልክት ነው። በ1951 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ ሄንሪየታ ላክስ የተባለች የልጆች እናት በማሕፀን ጫፍ ካንሰር ታማ ሞተች። ሳትጠየቅ ከዕጢዋ የተወሰደው ሕዋስ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሳይሞት እየተባዛ፥ ለፖሊዮ ክትባት ሥራና ለብዙ ሌላ ምርምር ጠቀመ። ቤተ ሰብዋ ግን ይህን ሳያውቅ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አጥኚዎች የዚያን ሕዋስ የዘር መረጃ ቤተ ሰቡን ሳይጠይቁ አሳተሙት፤ ይህም የልጆችዋንና የልጅ ልጆችዋን ምሥጢር ጭምር የሚነካ ነበር። ቤተ ሰቡ ሲያዝን ጽሑፉ ከአደባባይ ተነሣ። በዚያው ዓመት ከአሜሪካ የጤና ምርምር መሥሪያ ቤት ጋር ተነጋግረው፥ መረጃው በፈቃድ ብቻ እንዲሰጥ፥ ፈቃዱንም በሚመረምረው ጉባኤ ከቤተ ሰቡ ሁለት ሰዎች እንዲቀመጡ ተስማሙ። ያን ያህል ዘመን ያልተጠየቁ ሰዎች፥ በተጠየቁ ጊዜ ጥናቱን አልከለከሉም። ሰውን የሚያስቀይመው መስጠቱ አይደለም፤ ሳያውቅ መወሰዱ ነው።

በአገራችን ሕግም ይህ ክብር የታወቀ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የሰውን የግል ሕይወት ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ደግሞ የጤናን ነገር ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻው መረጃ ይቈጥረዋል። ይሁን እንጂ ሕግ በወረቀት ተጽፎ ብቻ አይጠብቀንም፤ ቤተ ሰብ ሁሉ መብቱን አውቆ ሊጠይቅ፥ ግዴታውንም አውቆ ሊፈጽም ያስፈልጋል።

ስለዚህ የጥናት ሠራተኛ ደጃችሁን ባንኳኳ ጊዜ በመልካም ፊት ተቀበሉት፤ ነገር ግን እነዚህን ከመጠየቅ አትፈሩ። ማን ላከህ? ጥናቱን የመረመረው የሥነ ምግባር ጉባኤ ፈቃድ አለህን? የምነግርህ ነገር ለምን ጕዳይ ይውላል? ስሜ ይጻፋልን? ቢጻፍስ ከመልሴ ተለይቶ ይቀመጣልን? ማንስ ያየዋል? ባልፈልግ መተው እችላለሁን? ብተውስ ከሕክምናዬ የሚጎድል ነገር አለን? የጥናቱስ ፍሬ ተመልሶ ይነገረናልን? ጨዋ አጥኚ በነዚህ ጥያቄዎች አይቈጣም፤ ይልቁንም ደስ ይለዋል። ደግሞም በአማት ፊት፥ በጎረቤት ፊት፥ በልጆችም ፊት መመለስ ግድ አይደለም፤ ለብቻ ልናገር ማለት መብት ነው። ከተስማማችሁ ግን እውነቱን ተናገሩ። ግማሽ እውነት ከመናገር ይቅርብኝ ማለት ይሻላል፤ ሐሰተኛ መልስ ሌላውን ሕመምተኛ ይጎዳልና።

በካርድ ክፍልና በመድኃኒት መስኮት ለሚሠሩትም አንድ ቃል አለን። የሕመምተኛው ምሥጢር የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከታላቁ ጥናት አይደለም፤ ከኮሪደሩ ጩኸት፥ ተከፍቶ ከተተወው መዝገብና ከኮምፒዩተሩ መስኮት ነው። ድምፅን ዝቅ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

በመጨረሻም ራሳችንን እንመርምር። የእኅታችንን ሕመም ቡና ላይ ያወጣነው እኛ አይደለንምን? የዘመዳችንን የምርመራ ወረቀት በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተን ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ጸልዩለት» ብለን የላክነው እኛ አይደለንምን? በቅን ልብ የተደረገ ቢሆንም ባለቤቱ አልተጠየቀም። ልጆቻችንም ከኛ የሚማሩት ይህንኑ ነው። የሰውን ገመና መሸፈን በቤት ያልተማረ ልጅ፥ ነገ ሐኪም ወይም አጥኚ ቢሆን ከየት ያመጣዋል?

ያቺ ጎረቤታችን ዛሬ ጤነኛ ናት። ይህን ታሪክዋን ለመጻፍ በጠየቅናት ጊዜ ጥቂት አሰበችና፥ ስምዋንና ሰፈርዋን እንዳንጽፍ፥ የቀረውን ግን ሌላ እናት እንድትማርበት እንድንጽፍ ፈቀደችልን። እኛም እንዳለችው አደረግን።